የጣና ዳር ዝዮች ጫጩቶቻቸውን እንዴት ያሳድጋሉ?

ስለ ውጭ አገር ኑሮ የሚተርኩ የንባብ መጻሕፍትን ያገላበጠ ተማሪ ስለ ስዋን ሳያነብ አይቀርም። ስዋን አንገቱ ረጅም፣ ላባው እንደ ጥጥ የነጣ፣ በአውሮፓ ከተሞች መናፈሻዎች ውስጥ ባሉ ኩሬዎች ላይ ቀስ እያለ የሚንሳፈፍ ትልቅ የውኃ ወፍ ነው። ብርዱ አልፎ ሣሩ በሚለመልምበት ወራት እናትና አባት ስዋን ግራጫ ጫጩቶቻቸውን አስከትለው ሲዋኙ ለማየት ሰዎች በኩሬው ዳር ይቆማሉ። አንዳንድ ጊዜም ጫጩቶቹ በእናታቸው ወይም በአባታቸው ጀርባ ላይ ወጥተው፣ በሁለቱ ክንፎች መካከል ተሸሽገው ሲጓዙ ይታያሉ።

ይህን ያነበበ የባሕር ዳር ተማሪ «ምነው ለእኛም እንዲህ ያለ ወፍ በኖረን!» ይል ይሆናል። እርግጥ ነው፤ ከሰሐራ በረሓ በስተደቡብ ባለው የአፍሪቃ ምድር በተፈጥሮ የሚራባ ስዋን የለም። ነገር ግን ከስዋን ጋር በአንድ የወፍ ቤተሰብ የሚመደብ፣ እንደ እርሱም ባልና ሚስት ሆኖ ልጆቹን በውኃ ዳር የሚያሳድግ ሌላ ወፍ በጣና ሐይቅ ዙሪያና ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ይኖራል። ይህም ወፍ የግብፅ ዝይ ይባላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የግብፅ ዝይ ከእንቁላል እስከ በረራ ድረስ ልጆቹን እንዴት እንደሚያሳድግ ማስረዳት ነው። ጽሑፉን ስታነቡ አንድ ጥያቄ በልባችሁ ያዙ፤ ለጫጩቶቹ ምግብ የሚያቀርብላቸው ማን ነው? የዚህ ጥያቄ መልስ ስለ ወፉ ብቻ ሳይሆን ስለምንኖርባት ከተማም የሚያስገነዝበን ቁም ነገር አለው።

ሀ. ሥፍራው

ዓባይ ማዶ ከመሀል ባሕር ዳር በስተምሥራቅ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ የሚገኝ የከተማው ክፍል ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው ከመሀል ከተማው ሆኖ ለሚናገር ሰው «ከዓባይ ወዲያ» ማለት ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ ተመርቆ ከተከፈተ ወዲህ በወንዙ በግራና በቀኝ የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነው። ዳሩ ግን ከድልድዩ በላይ፣ ወንዙ ከሐይቁ በሚለይበት ሥፍራ፣ ደንገልና ፊላ የበቀለበት፣ ጉማሬም የሚውልበት ረግረግ እንዳለ ብዙዎች ልብ አይሉትም። የግብፅ ዝይ የሚወደው እንዲህ ያለውን ዳር ነው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚባሉት ወንዞች ይገቡበታል፤ ከሐይቁም ዓባይ ይወጣል። ሐይቁ ይህን ያህል ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ሥፍራ እንኳ ወደ 14 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ዳርቻው በብዙ ቦታ ቀስ በቀስ እየጎደጎደ የሚሄድ ለጥ ያለ መሬት ነው።

የሐይቁ ውኃ በክረምቱ ዝናብ ሞልቶ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ክረምት መግቢያ ድረስ እየጎደለ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ይህ ልዩነት ለሰው ትንሽ መስሎ ይታያል። መሬቱ ለጥ ያለ በመሆኑ ግን ውኃው አንድ ክንድ በጎደለ ቁጥር ሰፊ ጭቃማ መሬት ይገለጣል፤ በላዩም ለጋ ሣር ይበቅላል። ይህ ውኃው ሸሽቶ የለቀቀው ለምለም መሬት ለዝዮች መስክ ነው። ስለዚህ ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ለ. ወፉ

የግብፅ ዝይ ከምንቃሩ ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ ከ63 እስከ 73 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱም ወደ ሁለት ኪሎ ግራም ይጠጋል። ጀርባው ቡናማ፣ ሆዱ ፈዘዝ ያለ ነው። ከሌሎች የውኃ ወፎች ለመለየት ሦስት ምልክቶችን ማስታወስ ይበቃል። በመጀመሪያ፣ በዓይኑ ዙሪያ መነጽር ያደረገ የሚያስመስለው ጠቆር ያለ ቡናማ ቀለም አለው። ሁለተኛ፣ በደረቱ መካከል በጣት የተቀባ የሚመስል ቡናማ ጠቃጠቆ ይታያል። ሦስተኛ፣ ሲበር በክንፎቹ ላይ ሰፊ ነጭ ቀለም ይገለጣል።

ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለያዩም፤ በመጠን ወንዱ ጥቂት ይበልጣል። የሚለያቸው ድምፃቸው ነው። ሴቷ በተደናገጠች ጊዜ ከሩቅ የሚሰማ፣ ቶሎ ቶሎ የሚደጋገም ጩኸት ታሰማለች፤ ወንዱ ግን አየር እንደሚያስተነፍስ ጎማ ሻካራ የሆነ የፉጨት ድምፅ ያወጣል። እንግዲህ ሁለት ዝዮች ጎን ለጎን ቆመው ብታዩና የትኛው አባት፣ የትኛዋ እናት እንደሆነች ማወቅ ብትፈልጉ፣ ድምፃቸውን እስክትሰሙ መታገሥ ይኖርባችኋል።

ወፉ የግብፅ ዝይ ይባል እንጂ አገሩ ግብፅ ብቻ አይደለም። ከሰሐራ በስተደቡብ ያለው አብዛኛው የአፍሪቃ ክፍልና የዓባይ ሸለቆ መኖሪያው ነው። ስሙ የወጣለት የጥንት ግብፃውያን ስላከበሩትና በሥዕሎቻቸው ላይ ስለ ሳሉት ነው። እንግዲህ ዓባይ ከጣና ተነሥቶ ወደ ግብፅ ሲወርድ በመነሻውም በመድረሻውም ይኸው ወፍ ይገኛል ማለት ነው። በከፍተኛ ደጋዎቻችን የሚኖረውና የኢትዮጵያ ብርቅዬ የሆነው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ግን ሌላ ዓይነት ስለሆነ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

የግብፅ ዝይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ17ኛው መቶ ዓመት ለጌጥ ተብሎ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ ነበር። ዛሬ በለንደን መናፈሻዎች ውስጥ ከስዋን ጋር በአንድ ውኃ ላይ ልጆቹን ያሳድጋል። በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ከመጠን በላይ በመብዛቱና የአገሬውን ወፎች ከጎጆአቸው በማፈናቀሉ ምክንያት በ2017 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት ከወራሪ ባዕድ እንስሳት መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። እዚያ እንደ ወራሪ የሚታየው ወፍ እዚህ በአገሩ፣ ከውኃውና ከሣሩ ጋር ተስማምቶ የሚኖር የዳሩ ባለቤት ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የበረዶውን ወራት ሸሽተው በየዓመቱ ወደ ጣና ከሚመጡት አያሌ እንግዶች ወፎችም ይለያል፤ እነርሱ እዚህ ከርመው ልጆቻቸውን ለመፈልፈል ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ እርሱ ግን የሚፈለፍለውም የሚያሳድገውም እዚሁ ነው።

ሐ. ከእንቁላል እስከ መጀመሪያው ቀን

ወንዱና ሴቷ አንድ ጊዜ ከተጣመሩ በኋላ ለብዙ ጊዜ አብረው ይኖራሉ። የሚራቡበት ወር እንደየአካባቢው ዝናብና እንደ ውኃው ሁኔታ ይለያያል። ጎጆአቸውን በአንድ ዓይነት ቦታ ብቻ አይሠሩም፤ አንዳንዶቹ ጥቅጥቅ ባለ ሣርና ቄጠማ ውስጥ፣ አንዳንዶቹ በዛፍ ሽንቁር ውስጥ፣ ሌሎቹም ሌላ ትልቅ ወፍ ሠርቶ በተወው አሮጌ ጎጆ ላይ ይጥላሉ። ስለዚህ የዝይ ጎጆ የሚፈለገው ከመሬት ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። በውኃ ዳር ያለ ያረጀ ዋርካም የዝይ ቤት ሊሆን ይችላል።

እናቲቱ ከ5 እስከ 12 እንቁላሎች ትጥላለች። ከደረቷና ከሆዷ በተነቀለ ለስላሳ ላባ ጎጆውን ታለብሳለች። እንቁላሎቿን ጥላ ሳትጨርስ መታቀፍ አትጀምርም። ይህም ምክንያት አለው፤ ሁሉም እንቁላሎች በአንድ ጊዜ ሙቀት ካገኙ ጫጩቶቹ ሁሉ በአንድነት ይፈለፈላሉ፤ በአንድነት ከተፈለፈሉም በአንድነት ለመንቀሳቀስ ይችላሉ። የምትታቀፈው ከ28 እስከ 30 ቀን ያህል ነው። የቤት ዶሮ 21 ቀን፣ ስዋን ደግሞ አምስት ሳምንት ያህል እንደሚታቀፉ ካሰባችሁ የዝይ ጊዜ በሁለቱ መካከል መሆኑን ትገነዘባላችሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አባትየው አይታቀፍም፤ ነገር ግን ከጎጆው አጠገብ ሆኖ ይጠብቃል፤ የሚቀርበውንም ሁሉ አንገቱን ዘርግቶ ያባርራል።

ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ በጎጆው ውስጥ የሚቆዩት ብዙ አይደለም። ላባቸው ደርቆ ለስላሳ እንደሆነ እናቲቱ ከጎጆው ወጥታ ትጠራቸዋለች። ጎጆው በዛፍ ላይ ከሆነ ጫጩቶቹ ገና መብረር ሳይችሉ አንድ በአንድ እየዘለሉ ወደ መሬት ይወርዳሉ። ይህን ያየ ሰው ሞቱ ብሎ ይደነግጣል። ነገር ግን ሰውነታቸው እጅግ ቀላል፣ ላባቸውም እንደ ተባዘተ ጥጥ የለሰለሰ ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ሣሩ ላይ አርፈው፣ ተንፈራግጠው ይነሡና ወደ እናታቸው ይሮጣሉ። ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ ተሰልፎ ወደ ውኃ ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ወላጅ ከፊት ሆኖ ይመራል፤ ሌላው ከኋላ ይከተላል።

ጫጩቶቹ እናታቸውን ለይተው የሚከተሏት እንዴት ነው? ኮንራድ ሎሬንዝ የተባለ የኦስትሪያ ሊቅ ይህን ጥያቄ በሌላ የዝይ ዓይነት ላይ መርምሮታል። የዝይ ጫጩት ከእንቁላል እንደወጣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ በአጠገቡ ሲንቀሳቀስ ያየውን ነገር እንደ እናቱ ቆጥሮ እንደሚከተል ሎሬንዝ አስረዳ። እርሱ ራሱ በአጠገባቸው ሆኖ ያስፈለፈላቸው ጫጩቶች እናታቸው እርሱ እንደሆነ ያህል በሄደበት ሁሉ ተሰልፈው ይከተሉት ነበር። በእንስሳት ጠባይ ላይ ላደረገው ጥናት በ1973 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ከዚህ የምንማረው ተግባራዊ ትምህርት አለ። ከመንገድ ዳር ያገኙትን የዝይ ጫጩት «እናቱ የጣለችው ነው» ብለው ወደ ቤት የሚወስዱ ልጆች ደግ የሠሩ ይመስላቸዋል። ነገር ግን እናቱ ብዙ ጊዜ ከዚያው አካባቢ ናት፤ የተወሰደው ጫጩትም ከወገኖቹ ሊማር የሚገባውን ሳይማር ይቀራል።

መ. ምግብ የሚያቀርብላቸው ማን ነው?

አሁን በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ወፎች ልጆቻቸውን በሚያሳድጉበት መንገድ በሁለት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ርግብና እንደ ንስር ያሉት ናቸው። የእነዚህ ጫጩቶች ሲፈለፈሉ ደካሞች ስለሆኑ ከጎጆ አይወጡም፤ ወላጆቻቸውም ምግብ እያመጡ በአፋቸው ያጎርሷቸዋል። ሁለተኛዎቹ እንደ ዶሮ፣ እንደ ዳክዬና እንደ ዝይ ያሉት ናቸው። የእነዚህ ጫጩቶች ዓይናቸው ተገልጦ፣ ለስላሳ ላባ ለብሰው፣ እግራቸውም ጠንክሮ ይፈለፈላሉ፤ በተፈለፈሉ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥም መሄድ፣ መዋኘትና መልቀም ይጀምራሉ።

ስለዚህ መልሱ «ምግብ የሚያቀርብላቸው የለም» የሚል ነው። እናት ዝይ ለጫጩቷ አንዲት ቅጠል እንኳ በምንቃሯ አታጎርስም። ጫጩቱ ለጋውን ሣር፣ በውኃው ዳር የሚገኘውን ዘርና ትንንሽ ተባይ ራሱ እየለቀመ ይበላል።

ታዲያ የወላጆቹ ሥራ ምንድን ነው? ሥራቸው ሦስት ነው። አንደኛው መምራት ነው፤ ሣሩ የሚገኝበትን፣ ውኃውም ቅርብ የሆነበትን ሥፍራ መርጠው ልጆቻቸውን ወደዚያ ይወስዳሉ። ሁለተኛው ማሞቅ ነው፤ የጫጩቶቹ ለስላሳ ላባ ከብርድና ከዝናብ አጥብቆ ስለማይከላከል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሌሊትና በዝናብ ጊዜ እናቲቱ ከክንፏ ሥር ታስገባቸዋለች። ሦስተኛው መጠበቅ ነው። አንዱ ወላጅ ሣር ሲግጥ ሌላው አንገቱን ቀና አድርጎ ዙሪያውን ይቃኛል። አደጋ ሲመጣ ይጮኻል፤ ጫጩቶቹም በአንድ ጊዜ ወደ ውኃ ይገባሉ። የቤተሰቡ ሕይወት በሣሩና በውኃው መካከል ያለች አጭር ሩጫ ላይ የተመሠረተ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሥራ የሚፈጀው ወደ 70 ቀን ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ጫጩቶቹ የበረራ ላባ አውጥተው መብረር ይጀምራሉ። የስዋን ልጆች ለመብረር አራትና አምስት ወር እንደሚፈጅባቸው ስናስብ የዝይ አስተዳደግ ፈጣን ነው። ቢሆንም እነዚያ አሥር ሳምንታት ረጅም ናቸው፤ ጫጩቱ እስኪበር ድረስ ከአደጋ የሚያመልጠው በእግሩና በመዋኘት ብቻ ነውና።

ሠ. ለምን ይጎድላሉ?

ዝዮችን በየሳምንቱ የተመለከተ ሰው አንድ አሳዛኝ ነገር ያስተውላል። በመጀመሪያው ሳምንት የቆጠራቸው ጫጩቶች በሦስተኛው ሳምንት ያንኑ ያህል ሆነው አይገኙም። ንስርና ጭልፊት ከላይ፣ አርጃኖና ዘንዶ ከዳር ያድኗቸዋል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ስለሆነ ልናዝን እንጂ ልንቆጣ አይገባንም። ወፏ እስከ 12 እንቁላል የምትጥለውም ስለዚሁ ነው። ጥቂት በሒሳብ እንመልከተው፤ አንድ ጥንድ ዝይ በዕድሜው ሁሉ ከፈለፈላቸው ልጆች መካከል አድገው የሚተኩት ሁለት ብቻ ቢሆኑ የዝዮቹ ቁጥር ሳይጨምርም ሳይቀንስም ይኖራል። ከሁለት ቢያንስ ግን ወገኑ እየጠፋ ይሄዳል።

ችግር የሚሆነው ከተፈጥሮ አዳኞች ላይ ሰው የሚያመጣው ጉዳት ሲጨመር ነው። በዳሩ ላይ ያለባለቤት የሚዞር ውሻ፣ እንቁላል የሚለቅም እረኛ፣ ጫጩት የሚያባርር ልጅ፣ እነዚህ የሚታዩ ጉዳቶች ናቸው። የማይታየው ግን ይበልጣል። ደንገሉ ተጨፍጭፎ፣ ረግረጉ ደርቆ ሲታረስ የዝዮቹ መሸሸጊያ ይጠፋል። በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. ግድም በጣና ላይ መታየት የጀመረው እምቦጭ የሚባለው የደቡብ አሜሪካ አረም ደግሞ፣ በተለይ በሐይቁ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ ውኃውን እንደ ምንጣፍ እየሸፈነ ውኃ ወዳድ ፍጥረቶችን ሲያስጨንቅ ቆይቷል።

በከተማ ውስጥ ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም ግንብ ነው። የሐይቁን ዳር ለማሳመር ወይም ቦታን ለመከለል ሲባል በውኃውና በሣሩ መካከል ቀጥ ያለ የድንጋይ ግንብ ይሠራል። ግንቡ ከወገብ የማይበልጥ ሊሆን ይችላል። ሰው ይቀመጥበታል፤ ትልቁም ዝይ በአንድ የክንፍ ምት ይሻገረዋል። የአንድ ሳምንት ጫጩት ግን አይሻገረውም። ሣሩ ከግንቡ በላይ፣ ውኃው ከግንቡ በታች ከሆነ፣ በሣር ላይ ያለ ጫጩት ውሻ ሲመጣበት ወደ ውኃ መመለሻ የለውም፤ በውኃ ላይ ያለውም ወደ ሣር መውጫ አያገኝም። እናቱ ደግሞ አታጎርሰውም። ቀደም ሲል ያልነው እዚህ ላይ ትርጉሙ ይገለጣል። ዝይ ልጁን የምታሳድገው በምንቃሯ ሳይሆን በዳሩ ነው። ዳሩ ከተዘጋ የእናትነት ትጋቷ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ይህ ሲባል ከተማ አይሠራ፣ መናፈሻም አይኑር ማለት አይደለም። መናፈሻና ወፍ በአንድነት ሊኖሩ እንደሚችሉ የሌሎች አገሮች ከተሞች ያስረዱናል። ጥቂት ሜትር ያህል ደንገልና ቄጠማ ሳይነካ ቢተው፣ በግንቡ መካከል መካከል ወደ ውኃው ዝቅ የሚል ለጥ ያለ መውረጃ ቢደረግ፣ ለሰውም ለጫጩትም ይበቃል። የጣና ሐይቅና አካባቢው በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ ተመዝግቧል፤ ስፋቱም ወደ 700 ሺሕ ሄክታር ይጠጋል። የባዮስፌር ክልል ማለት ሰው የማይኖርበት የተከለለ ዱር ማለት አይደለም፤ ሰውና ተፈጥሮ አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ አብረው የሚኖሩበት ሥፍራ ማለት ነው። ስለዚህ የአንዲት ዝይ ቤተሰብ በከተማው ዳር ማደግ አለማደጓ ይህ ቃል በተግባር መዋሉን የምናይበት ምልክት ነው።

ረ. እንዴት እንመልከት? እንዴትስ እንጻፍ?

ዝዮችን ለመመልከት የምትፈልጉ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ወይም ወደ ማታ ሂዱ። ወደ ደንገሉና ወደ ረግረጉ ውስጥ አትግቡ፤ ጉማሬ አደገኛ አውሬ ነውና። ሰው በሚመላለስበት ጥርጊያ ላይ ሆናችሁ፣ ከወፎቹ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቃችሁ ተቀመጡ። ዝዩ ግጦሹን ትቶ አንገቱን ቀና ካደረገ መቅረባችሁን ነግሯችኋል ማለት ነውና ወደ ኋላ መለስ በሉ። ዳቦ አትወርውሩላቸው፤ ዳቦ የጫጩቱን ሆድ ይሞላል እንጂ ለላባውና ለአጥንቱ የሚሆነውን ሲሳይ አይሰጠውም፤ ከዚህም በላይ ከሰው እጅ መጠበቅን ያስለምደዋል።

ያያችሁትን ስትጽፉ ደግሞ ያያችሁትንና የገመታችሁትን ለዩ። የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አወዳድሩ፤

«አባትየው ዝይ ልጆቹን በጣም ስለሚወድ በውሻው ላይ ተናደደ።»

«አባትየው ዝይ አንገቱን ዘርግቶ፣ ክንፉን ገልጦ ወደ ውሻው ሮጠ፤ ውሻውም ሲሸሽ ወደ ጫጩቶቹ ተመለሰ።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጸሐፊው በወፉ ልብ ውስጥ ያለ የመሰለውን ይናገራል፤ ፍቅርና ንዴት በዓይን አይታዩም። ሁለተኛው ግን በዓይን የታየውን ብቻ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። አንባቢው ፍቅሩን ከድርጊቱ ራሱ ይረዳዋል። መገመት ፈጽሞ አይከለከልም፤ ነገር ግን ግምት በሆነ ጊዜ «ይመስላል»፣ «ይሆናል»፣ «ሳይሆን አይቀርም» በሚሉ ማሰሪያዎች መገለጽ አለበት። ይህን ጥንቃቄ የለመደ ጸሐፊ ስለ ወፍ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰውም ሲጽፍ አይሳሳትም።

እንደዚሁም ቁጥርን፣ ቀንንና ቦታን አትርሱ። «ብዙ ጫጩቶች አየሁ» ከማለት «በጥቅምት 12 ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰባት ጫጩቶች ቆጠርሁ» ማለት ይሻላል። በሳምንቱ ተመልሳችሁ አምስት ብታገኙ፣ ለውጥ መኖሩን የምታውቁት የመጀመሪያውን ቁጥር ጽፋችሁ ስላቆያችሁ ብቻ ነው። አንድ ሐይቅ እየተለወጠ መሆኑን ሰዎች የሚረዱት እንዲህ ያለ ትንሽ መዝገብ በትጋት ሲያዝ ነው።

በመጨረሻም ይህን አስቡ። ጫጩቱ የሚበላውን ራሱ ይፈልጋል፤ ወላጆቹም የሚጠብቁትን ያህል ይጠብቁታል። የሚፈልግበትን ዳር ጠብቆ ማቆየት ግን ከጫጩቱም ከወላጆቹም አቅም በላይ ነው፤ ይህ ድርሻ የከተማው ሰው ነው። እንግዲህ በመጪዎቹ አራት ሳምንታት በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ሐይቁ ወይም በአቅራቢያችሁ ወዳለ ውኃ ሂዱ፤ ዝይ ባታገኙ ልጆቹን የሚያሳድግ ሌላ ወፍ ምረጡ። ያያችሁትን በቀንና በቁጥር መዝግቡ፤ ወፉ ከምግቡ ወደ መሸሸጊያው የሚሄድበት መንገድ ክፍት መሆኑንም መርምሩ። ከዚያም መዝገባችሁን መሠረት አድርጋችሁ ከሁለት ገጽ የማይበልጥ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።